ሙት ወቃሽነትና የትራጀዲ ጀግና

(ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር በተደረገው የማኅበሩ አባላት ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የዝግጅቱ ኮሚቴ «በጥንታዊው ድራማ አንድን ገጸ ባሕርይ የትራጀዲ ጀግና የሚያሰኘው ምንድን ነው?» በሚል ርእስ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ መጀመሪያ ያሰብኩት ማንኛችንም መምህራን የምናስበውን ነበር። ይኸውም ከአሪስቶትል ተነሥቶ ነጥቦቹን መዘርዘር፥ ለየነጥቡ አንዳንድ ምሳሌ መስጠትና መቀመጥ ነው። ይህን ትምህርት ብዙዎቻችን ለዓመታት ስንሰጥ ኖረናል፤ ተማሪዎቻችንም ለፈተና ሸምድደው ከፈተናው ማግሥት ረስተውታል። ስለዚህ ዛሬ ከአንድ ስሕተት ልጀምር፤ ስሕተቱም የራሴው ነው።

ወጣት መምህር በነበርኩበት ጊዜ ለትምህርት ቤት በዓል የሚሆን ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ አንድ አጭር ተውኔት ጽፌ ነበር። በጽሑፉ ውስጥ የቋራው ካሣ ነበሩ፤ የመድፉ ሥራ ነበረ፤ የመቅደላው የመጨረሻ ሰዓትም ነበረ። ሁለት ነገሮች ግን ሆን ብዬ ተውኩ። አንደኛው የጎንደር መዘረፍና መቃጠል ሲሆን፥ ሁለተኛው ከመጨረሻው ውጊያ በፊት በነበረው ቀን እስረኞች ከመቅደላ ገደል መወርወራቸው ነው። ይህን እንድተው ያዘዘኝ ሰው አልነበረም። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» የሚለው የቤታችን ንግግር በውስጤ ስላለ ብዕሬ ራሱ አልፎት ሄደ። ተመልካቹ አለቀሰ፤ እኔም በዚያ ረካሁ። ሕዝቡ ሲበተን በፊተኛው ረድፍ ተቀምጠው የነበሩ አንድ አረጋዊ የቅኔ መምህር፥ ትውልዳቸው ጎንደር ነበር፥ ጠጋ ብለው፦ «ደግ ሠርተሃል ልጄ፤ አስለቀስከን። ግን ጎንደርን የት አደረግሃት?» አሉኝ። «የኔታ፥ ሰዓቱ ስላጠረን ነው» ብዬ መለስኩ። ፈገግ ብለው ዝም አሉ። ሰዓቱ እንዳላጠረን እርሳቸውም ያውቁ ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር።

እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው ማለት ይቻላል።

በግእዝ መጻሕፍታችን አርስጣጣሊስ እየተባለ የሚጠራው አሪስቶትል፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ግጥም ጥበብ በተወልን አጭር ጽሑፍ፥ የትራጀዲን ዋና ሰው የሚፈልገው ሌሎቹን እያስወገደ ነው። ፍጹም ደግ ሰው ከምቾት ወደ መከራ ቢወድቅ ተመልካቹ ይሰቀጠጣል እንጂ አይራራም አይፈራም። ክፉ ሰው ከመከራ ወደ ምቾት ቢወጣ ከትራጀዲ እጅግ የራቀ ነው። ፍጹም ክፉ ሰው ቢወድቅም «ዋጋውን አገኘ» ተብሎ ወደ ቤት ይኬዳል። የሚቀረው በመካከል ያለው ሰው ነው፤ ይኸውም በደግነቱ ከሁላችንም የላቀ ሳይሆን፥ ከፍ ባለ ማዕርግና ክብር ላይ ሳለ፥ በክፋት ሳይሆን በአንድ ዐይነት ስሕተት የሚወድቀው ነው። ምክንያቱንም ፈላስፋው አልደበቀም። የምንራራው ያለ አበሳው ለሚሠቃይ ነው፤ የምንፈራው ግን እኛን የመሰለ ሰው ሲወድቅ ስናይ ነው። ርኅራኄ ብቻውን ልቅሶ ነው። ፍርሃት ሲጨመርበት ነው ትራጀዲ የሚሆነው። በእኔ የትምህርት ቤት ተውኔት ውስጥ ልቅሶው ሞልቶ ሳለ ፍርሃቱ አልነበረም።

ስሕተት ብዬ የተረጎምኩት የግሪኩ ቃል «ሐማርቲያ» ነው። በክፍላችን ውስጥ ብዙ ጊዜ «የባሕርይ ጉድለት» እያልን ስናስተምረው ቆይተናል፤ ተማሪውም ይህን ሰምቶ ለየጀግናው አንዳንድ የክፋት ስም ይለጥፍለታል፤ ለአንዱ ትዕቢት፥ ለሌላው ቅናት። በመሠረቱ ግን ቃሉ ወርዋሪ ዒላማውን ሲስት የሚነገር ነው። እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በሐዲስ ኪዳን ግሪኩ ሐማርቲያ ያለውን ግእዙ «ኃጢአት» ይለዋል፤ «ኀጥአ» ደግሞ በግእዝ መበደል ብቻ ሳይሆን አጣ፥ ሳያገኝ ቀረ ማለት ነው፤ የዛሬው አማርኛ «አጣ» የሚለውም ከዚሁ ሥር ነው። አሪስቶትል የሚናገረው ስለ ሃይማኖት ኃጢአት እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ሆኖም በቋንቋችን ሥር የተቀበረው ትርጉም «ጉድለት» ከምንለው ይልቅ ለእርሱ አሳብ ይቀርባል። መሳት ይችል ዘንድ ሰውየው አስቀድሞ ማነጣጠር አለበት፤ ዒላማውም ብዙ ጊዜ መልካም ነው።

የሶፎክልስን ኤዲፐስ እንመልከት። የስፊንክስን እንቆቅልሽ ፈትቶ የቴብን ከተማ ያዳነው ይህ ሰው በነገር መርማሪነቱ የነገሠ ነው። ከተማይቱ በቸነፈር በተመታች ጊዜም የቀድሞውን ንጉሥ ገዳይ ለማግኘት የሚመረምረው በዚያው ብርታቱ ነው። ዕውሩ ነቢይ ቲረሲያስ «ተው» ይለዋል፤ ዮካስታም «ተው» ትለዋለች፤ እረኛውም እንዳይናገር ይለምናል። እርሱ ግን አይተውም። የወጣበት መሰላልና የወደቀበት መሰላል አንድ ነው። ይህ ሰው ተንኰለኛ ቢሆን ኖሮ ነገሩን ሸፋፍኖ ይኖር ነበር፤ ሰነፍም ቢሆን ኖሮ ምርመራውን አይጀምረውም ነበር።

(እግረ መንገዴን፦ ግሪኮች ስለ ኢትዮጵያ ንጉሥም ትራጀዲ ጽፈው ነበር። በትሮይ ጦርነት ላይ በአኪሌስ እጅ ስለ ሞተው ስለ ኢትዮጵያውያን ንጉሥ ስለ ሜምኖን ኤስኪለስ ተውኔት ደርሶ ነበር፤ ሶፎክልስም «ኢትዮጵያውያን» የሚል ተውኔት ነበረው። ሁለቱም ጠፍተዋል። የሶፎክልስ «አንቲጎኔ» ግን ደርሳናለች። የወንድሟን አስከሬን ያለ ቀብር አላስቀርም ብላ የሞተችን ልጅ ለመረዳት በዕድር የሚተዳደር ሕዝብ የግርጌ ማብራሪያ አያሻውም።)

ከሀገራችን የንባብ ባሕል ውስጥ ከዚህ መለኪያ ጋር እጅግ የሚስማማ ሰው ፈልጉ ብባል መጀመሪያ የምጠራው የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ሁሉ የሚያውቀውን ንጉሥ ሳኦልን ነው። መጽሐፈ ሳሙኤል ሳኦልን ክፉ አድርጎ አልጀመረም፤ በቁመቱ ከሕዝቡ ሁሉ የሚበልጥ፥ የአባቱን አህዮች ሊፈልግ ወጥቶ መንግሥት ያገኘ ትሑት ጐልማሳ ነበረ። ከአማሌቅ ጦርነት በኋላ ንጉሡን አጋግን በሕይወት ተወ፤ ከበጎቹና ከከብቶቹም የተሻሉትን አስቀረ፤ ይህንንም ያደረገው ሕዝቡን ፈርቶ ነው። ሰው ሰውኛውን ብናየው ከባድ ወንጀል አይመስልም። ከዚያ በኋላ ግን ቅናቱ፥ በዳዊት ላይ የወረወረው ጦር፥ በሌሊት ልብሱን ለውጦ ወደ ዓይንዶርዋ መናፍስት ጠሪ መሄዱ፥ በመጨረሻም በጊልቦዓ ተራራ በገዛ ሰይፉ ላይ መውደቁ ይከታተላሉ። መጽሐፉ ከዚህ አንዱንም አይሸሽግም። ዳዊት ግን ሞቱን በሰማ ጊዜ ያለቀሰው ልቅሶ ሙገሳ ብቻ ነው፤ የተሳደደበትን ዘመን አንድም ቃል አላነሣም። አልቃሹ ሲያወድስ ጸሓፊው አልሸሸገም፤ ሁለቱም በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ተቀምጠዋል።

የእኛ ተውኔት ችግር፥ እንደ እኔ አስተያየት፥ ዳዊትን ይዞ ጸሓፊውን መተዉ ነው።

ይህ ያለ ምክንያት አልሆነም። መድረካችን የተወለደው ከሁለት ታላላቅ ልማዶች መካከል ነው። አንደኛው ገድል ነው፤ በገድል ውስጥ ባለ ታሪኩ መከራ ይቀበላል እንጂ አይስትም። ሁለተኛው ለቅሶ ነው፤ አስለቃሿ የሟቹን ፈረስና ጠመንጃ፥ ቸርነቱንና ጀግንነቱን እያነሣች ታስለቅሳለች፤ ዕዳውንና ግፉን ያነሣች እንደ ሆነ ግን ከድንኳኑ ትባረራለች። «ሙት ወቃሽ» መባል በእኛ ዘንድ ነውር ነው። በለቅሶ ቤት ይህ ደግ ሥርዓት ነው፤ ሐዘንተኛን ማቍሰል ምን ይጠቅማል? ነገር ግን ቴአትር ቤት ድንኳን አይደለም። ትራጀዲ ማለት፥ ደፍሬ ልናገርና፥ ሙትን እየወደዱ መውቀስ ነው።

አሁን ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ ልመለስ፤ ምክንያቱም በታሪካችን ውስጥ የአሪስቶትልን መለኪያ እንዲህ የሚሞላ ሌላ ሕይወት አላውቅም።

ኤዲፐስ ከትንቢቱ ለማምለጥ ሸሸ፤ ካሣ ኃይሉ ግን ትንቢቱን ፈልገው ለበሱት። ቴዎድሮስ የሚለው ስም በ«ፍካሬ ኢየሱስ» የተነገረለት፥ ከመከራ ዘመን በኋላ ሰላምና ጥጋብ ያመጣል ተብሎ የሚጠበቀው ንጉሥ ስም ነው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ የተቀቡት በዚህ ስም ነው። ያቺን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ደጃዝማች ውቤ ለገዛ ዘውዳቸው አስበው ነበር፤ በደረስጌ ውጊያ በተሸነፉ በጥቂት ቀን ውስጥ በተዘጋጀው ሥፍራ ሌላ ሰው ነገሠበት። ተውኔት ጸሓፊ ይህን ከራሱ ፈጥሮ ቢጽፈው «አበዛኸው» እንለው ነበር። እንግዲህ ንጉሡ የተሸከሙት ዘውድ ብቻ አይደለም፤ በሰው አቅም ሊፈጸም የማይችል የተስፋ ቃል ነው። ዒላማው መልካም ነበረ፤ የመሳፍንትን ዘመን መዝጋት፥ አንዲት ሀገር ማቆም፥ የእጅ ጥበብን ማስገባት። ማነጣጠራቸውም እውነተኛ ነበረ። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩትን፥ ወደ 70 ኩንታል የሚገመተውን ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ለማድረስ መንገዱን ሲያስቀድዱ ድንጋይ በገዛ እጃቸው ያነሡ እንደ ነበር በቅርብ ያዩአቸው ጽፈዋል።

ያ እጅ ነው ጎንደርን በ1859 ዓ.ም. ያቃጠለው። ሌላ እጅ አልነበረም። አልታዘዝ ያለውን ድንጋይ የሚሰብረው ፈቃድ አልታዘዝ ያለችውን ከተማ ደግሞ ሰበረ። እኔ በወጣትነቴ የሳትኩት ይህን ነው፤ ሁለቱን እንደ ሁለት ሰው አድርጌ፥ አንደኛውን አስቀርቼ ሌላውን ወደ መድረክ አወጣሁ።

በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የተጻፈው የወዳጅነት ደብዳቤ ከዓመት በላይ መልስ ሳያገኝ ቆየ። በለንደን የደብዳቤው ዕጣ የጽሕፈት ቤት ቸልተኝነት ነበር፤ በጎንደር ግን ንቀት ሆኖ ተነበበ። ንቀትስ አልነበረበትም ማለት አይቻልም። ነገር ግን በ1856 ዓ.ም. ቆንስሉ ካሜሮን ሲታሰር፥ በኋላም ሌሎች አውሮፓውያን ሲጨመሩ፥ ዒላማው የተሳተው በዚያች ቅጽበት ነው። ጥበበኛ ይመጣልኛል ያሉበት መንገድ ጦር የሚመጣበት መንገድ ሆነ። አሪስቶትል የነገር መገልበጥ የሚለውን፥ ማለትም ሰው ለአንድ ፍጻሜ ያደረገው ነገር ተቃራኒውን ሲወልድ፥ ከዚህ በተሻለ ለተማሪ የማስረዳበት ምሳሌ የለኝም።

የመጨረሻው ሳምንት ደግሞ የ1860 ዓ.ም. ሰሙነ ሕማማት ነበር። በጸሎተ ሐሙስ፥ ሚያዝያ 2 ቀን፥ ከእስረኞቹ ብዙዎች ከገደሉ ተወረወሩ። በዕለተ ስቅለት በእሮጌ ሜዳ ፊታውራሪ ገብርዬ ወደቁ፤ ሠራዊቱም በአዲሱ የእንግሊዝ ጠመንጃ ፊት አለቀ። በማግሥቱ ንጉሡ ለጄኔራል ናፒየር ያጻፉት ደብዳቤ አለ፤ የዚህን ሁሉ ቁልፍ የያዘው እርሱ ነው። በዚያ ደብዳቤ ውስጥ ወገኖቻቸው ግብርና የወታደር ሥርዓት እሺ እንዳላሏቸው፥ ያሸነፏቸውም በሥርዓት የታነጹ ሰዎች እንደ ሆኑ፥ ኢየሩሳሌምን ከቱርክ እጅ ለማስለቀቅ አስበው እንደ ነበር ይናገራሉ። በግሪክ ድራማ «ማወቅ» የሚባለው ይህ ነው፤ ጀግናው ከመሞቱ በፊት ምን እንደ ሆነ ያያል። ነገር ግን ዕውቀቱ ግማሽ ነው፤ ጥፋቱን በሕዝቡ ላይ ነው ያየው፤ ሥርዓቱን እሺ ያላለው ሕዝብ በምን ዐይነት እጅ እንደ ተገራ አልጠየቀም። ኤዲፐስ ዐይኑን ያጠፋው ሙሉውን ካየ በኋላ ነበር። የእኛ ንጉሥ ሙሉውን አይተው ይሆን? ደብዳቤው አይነግረንም። ይህን ሊነግረን የሚችለው ተውኔት ጸሓፊ ብቻ ነው፤ ሥራውም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን፥ በፋሲካ ማግሥት ሰኞ፥ ከዚያችው መልስ ከዘገየባት ንግሥት በስጦታ በመጣው ሽጉጥ ሞቱ።

ጸሓፍያኖቻችን ይህን ሕይወት አልዘነጉትም። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «ቴዎድሮስ»ን ለመድረክ ጻፉ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በተራቸው ወደ መድረክ አወጡአቸው፤ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ»ን፥ አቤ ጉበኛም «አንድ ለናቱ»ን በልቦለድ አበረከቱልን። የእነዚህን ሥራዎች ዋጋ ዝቅ ማድረግ አልፈልግም፤ ትውልዴን ያሳደጉት እነርሱ ናቸው። ግን የሁለቱን ልቦለዶች ርእስ ብቻ ልብ በሉ፤ አንዱ እንባ ነው፤ ሌላው እናት ለአንድ ልጇ የምታወርደው ሙሾ ይመስላል። በድንኳኑ ውስጥ ነን።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ከንግግሬ መጀመሪያ ጀምሮ ንጉሡን «እርሳቸው» እያልኩ መጥቻለሁ፤ ኤዲፐስንና ሳኦልን ግን «እርሱ» ብያለሁ። አስቤበት አይደለም፤ ሰዋስዋችን ራሱ ነው የመራኝ። አንቱ ያልነውን ሰው እንደ ራሳችን አድርገን ልንፈራለት ይከብደናል። የቋንቋችን ጨዋነት በዚህ ረገድ ለትራጀዲ ጸሓፊ እንቅፋት መሆኑን ተዋንያን ጓደኞቼ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል።

ከዚህ ጋር የሚዛመድ ሌላ ልማድ አለን። በጸጋዬ ትርጉም «ኦቴሎ»ን ያነበቡ ተማሪዎቼን «ጥፋቱ የማን ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው ብዙዎቹ «የኢያጎ» ይላሉ፤ ነገረኛ ሰው መካከላቸው ገብቶ አጋደላቸው ማለታቸው ነው። ይህ የሽምግልና ፍርድ ነው፤ ለሽምግልናም ይበጃል። ግን ሁሉም የኢያጎ ሥራ ከሆነ ኦቴሎ ምስኪን ይሆናል እንጂ የትራጀዲ ጀግና አይሆንም። ኢያጎ ክብሪቱን ጫረ፤ ጭዱ የኦቴሎ ነበር። በመቅደላም እንግሊዝን ኢያጎ አድርገን ከተውነው ዐፄ ቴዎድሮስን ታላቅነታቸውን ሳናውቀው እንነጥቃቸዋለን።

«ታዲያ አቡነ ጴጥሮስስ?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሽስት ጥይት የወደቁት አባት ለወራሪው አልገዛም በማለታቸው ሞቱ። ይህ መሳት ሳይሆን ዒላማን መምታት ነው። ሰማዕት ናቸው፤ ሰማዕትም በአሪስቶትል መለኪያ የትራጀዲ ጀግና አይደለም፤ ከእርሱ ያነሰ ሆኖ ሳይሆን ከመለኪያው ውጭ ስለ ሆነ ነው። ጸጋዬ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ብለው ርእስ ሲሰጡ ግን ዐዋቂነታቸውን ማድነቅ ይገባል፤ ሰማዕቱ ገና ሰው ሆኖ የሚገኝባት ጊዜ ከሞቱ በፊት ያለችው ሰዓት ናትና ለድራማ የምትሆነውም እርሷ ብቻ ናት።

ስለ ማዕርግ ጥቂት ልበልና ላብቃ። ጥንታዊው ሕግ ንጉሥን ወይም መስፍንን ይጠይቃል፤ አሜሪካዊው አርተር ሚለር በ1949 እ.ኤ.አ. ተራው ሰውም ለትራጀዲ ይበቃል ብሎ ተከራክሯል፤ በዚያው ዓመት በወጣው «የአሻሻጩ ሞት» በተባለው ተውኔቱም ሊያሳየን ሞክሯል። እኔ ከእርሱ ጋር ነኝ። ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ወደ ቦሌ መድኃኔ ዓለም ስታዘግሙ የባሕር ዛፍ መወጣጫው ሳይነሣለት የቀረ ፎቅ ብታዩ፥ አንድ ሰው ከባዶ ተነሥቶ በጥረቱ እስከ አራተኛው ፎቅ እንደ ወጣና በዚያው ጥረቱ አምስተኛውን ሲጀምር እንደ ወደቀ ልታስቡ ትችላላችሁ። ያ ሰው ዘውድ የለውም፤ ቁመት ግን አለው። ለመውደቅ የሚያስፈልገው ቁመት ነው።

የትምህርት ቤቷን ተውኔት ከብዙ ዓመት በኋላ እንደገና ጻፍኳት። የኔታ በሕይወት አልደረሱላትም። በዚህኛው ጽሑፍ የጎንደር ጢስ አለ፤ የጸሎተ ሐሙሱ ገደልም አለ። በልምምድ ላይ ንጉሡን የሚጫወተው ልጅ ከገደሉ ትዕይንት ሲደርስ ቆመና፦ «መምህር፥ እዚህ ላይ ወደ ገደሉ ልይ ወይስ ወደ ሕዝቡ?» አለኝ። ወደ ገደሉ ቢያይ ጨካኝ ይሆናል፤ ወደ ሕዝቡ ቢያይ ይቅርታ የሚለምን ይመስላል። ሦስት ቀን ሁለቱንም ሞከርን፤ አንዱም አላረካንም። ልምምዱ የሚቀጥለው በመጪው ሳምንት ነው። ከእናንተ መካከል በአዘጋጅነት የቆያችሁ ስላላችሁ፥ ለውይይት በተመደበው ጊዜ በዚህ በኩል እንድትረዱኝ እለምናለሁ።